ሚሞሪዋ ዳንቴል ለበሰች

ከ18 ማዞሪያ ወደ ውስጥ ሲገባ፣ ከወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ጋር ተለጥፋ የቆመች፣ በሯ ሰማያዊ የሆነ አንዲት ክፍል አለች። ዕድሜዬን የጨረስኩባት የስፌት ክፍሌ ነበረች። የታክሲ ወንበር ልብስ ነበር የምሰፋው። አሁን በሩ ላይ ሌላ ጽሑፍ ተሰቅሏል፤ ውስጧም የልጄ ልጅ ኮምፒውተር ትገጣጥምባታለች። ክፍሏ ከኔ እጅ ወደ እሷ እጅ እንዴት እንደተሻገረች ልጻፈው ብዬ ተነሣሁ። ጽሕፈት ብዙም አይሆንልኝም፤ የተማርኩት ፊደልና ጥቂት የማታ ትምህርት ነው። ቢሆንም ነገሩ ደስ ይላል፤ ደስ የሚል ነገር ደግሞ ለብቻ ሲይዙት ያንቃል።

ልጅቷን እኔና ባለቤቴ ነን ያሳደግናት። ጦር ኃይሎች አካባቢ አንድ ኮምፒውተር የሚጠገንበት ሱቅ ተቀጥራ ትሠራ ነበር። እጇ ቀና ነው፤ ግን የሰው ሱቅ የሰው ነው። ደንበኛ አመስግኖ ሲወጣ ምስጋናው ለባለሱቁ ነው፣ ሲቆጣ ግን ቁጣው ለእሷ ነው። ምኞቷ በራሷ በር ገብታ በራሷ በር መውጣት ነበር። በምን አቅም? ክፍሏ አለች፤ ሥራ የሚሰጣት ሰው ነው የጠፋው።

ሰውየው ከሰፈራችን ተገኘ። ብዙ ዘመን በሚኒባስ ሲሠራ ቆይቶ መኪናውን ሸጠና ጌም ቤት ሊከፍት ተነሣ፤ ወጣቶች እየከፈሉ ኮምፒውተር ላይ የሚጫወቱበት ቤት ማለት ነው። የዚያን ሚኒባስ ወንበር ደጋግሜ ያለበስኩት እኔ ስለሆንኩ የልጅቷን ሥራ ሰምቶ መጣ። ያቀረበው ነገር ግልጽ ነበር። መጀመሪያ አንድ ኮምፒውተር ለናሙና ትሥራ። ጦር ኃይሎች ያለ አንድ ጎረምሳ ነጋዴም የራሱን ያመጣል። በቀጠርነው ቅዳሜ ሁለቱን ጎን ለጎን አይቶ የመረጠውን ሰው የቀሩትን ሁሉ ያሠራዋል። ያንን ሥራ ካገኘች ተቀጣሪነቱን ትታ ክፍሏን ትከፍታለች። ካላገኘች ደግሞ እዚያው የሰው ጠረጴዛ ላይ ነች። ይህንን እኛ ብቻ ሳንሆን የወፍጮ ቤቱ ሰዎችም ያውቁ ነበር፤ እህል ሊያስፈጭ የመጣው ሁሉ “እንዴት ሆነች?” እያለ ይጠይቀኛል።

ሰውየው ሲሄድ በሩ ላይ ቆም ብሎ፣ “ፍጥነቱን ልጆቹ ያዩታል፤ እኔ ግን ከበር ስገባ ዓይኔን ካልያዘው አልፈልገውም” አለን።

እኔ አልገረመኝም። ድሮም ለታክሲው እንደዚያ ነበር። ወንበሩ ላይ ቀይ ጠርዝ አድርግልኝ፣ ጣሪያው ላይ ዘርፍ አንጠልጥልልኝ፣ ከሾፌሩ ኋላ ያለችው ወንበር ደግሞ ለብቻዋ ትለይ ይል ነበር።

ልጅቷ ዕቃውን ሁሉ ጥቂት በጥቂት ሰበሰበች። ሣጥኑ አንድ ጎኑ መስታወት ነው። ኮምፒውተር ሆዱን ለሰው የሚያሳይበት ዘመን መምጣቱን ያን ጊዜ ነው ያየሁት። የቀራት ሚሞሪው ብቻ ነበር፤ ራም የሚሉት። እሱን ወደ መጨረሻ ያቆየችው በመስታወቱ ውስጥ ዓይን ቀድሞ የሚያርፍበት እሱ ስለሆነ ነው።

“አባባ፣ አብረን እንሂድ፤ እርስዎ ዓይን አለዎት” አለችኝ።

የመርፌው ቀዳዳ አልታይ ብሎኝ ነው ስፌቱን የተውኩት። እሷ ያለችው ግን ሌላውን ዓይን ነው። ኮቴን ለበስኩና ተነሣሁ።

ታክሲ ውስጥ ሚሞሪ ምን እንደሚሠራ ጠየቅኋት። አስረዳችኝ፤ እኔም በራሴ ሙያ ገለበጥኩት። ልብሱን የምደረድርበት መደርደሪያ አለ፤ እሱ ዕቃ ማስቀመጫ ነው። የመቁረጫው ጠረጴዛ ደግሞ አለ፤ አሁን የምሠራበትን ብቻ አውጥቼ የምዘረጋበት። ሚሞሪ ጠረጴዛው ነው። ጠረጴዛው ከጠበበ አንዱን እያነሣሁ አንዱን ስዘረጋ ቀኑ ይመሻል። ልክ ነው ወይ ብላት ሳቀችና፣ ከእንግዲህ ለደንበኛ በዚህ ነው የማስረዳው አለች። እውነቷን ነው፤ ዛሬም እንደዚያው ነው የምታስረዳው።

የኮምፒውተር ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ገባን፤ ባለሱቁ ጎልማሳ ሰው ነው። ስልኩን በጉራጊኛ ሲያወራ ቆይቶ ዘጋና ወደኛ ዞረ። እኔን ወንበር ላይ አስቀምጦ፣ “አባቴ፣ ጌሙ ለእርስዎ ነው እንዴ?” አለኝ።

“ለኔ ነው። ሥራ ከፈታሁ ወዲህ ዝም ብሎ መቀመጥ ሰለቸኝ፤ ትንሽ ልተኩስ ብዬ ነው” አልኩት።

ከዚያ በኋላ ተግባባን። ሚሞሪዎቹን አንድ በአንድ ባንኮው ላይ ደረደረልን። ቁመታቸው ከስንዝር ያነሰ፣ ቀጭን ናቸው፤ ጥንድ ጥንድ ሆነው ነው የሚሸጡት። አንደኛው ጥንድ ጥቁር ነው፤ መብራትም ጌጥም የለውም፤ ሥራውን ብቻ ይሠራል። ሁለተኛው አናቱ ላይ መብራት አለው፤ ባለሱቁ ሰክቶ ሲያሳየን ቀዩ ቢጫውን፣ ቢጫው አረንጓዴውን እያሳደደ እንደ ሠርግ አዳራሽ ይርገበገባል። ልጅቷ እጇ ወደዚያ ሄደ። ጌም ቤት የሚገባው ሁሉ ይህንኑ ነው የሚወስደው አለን ባለሱቁም።

ሦስተኛው ዳር ላይ ነበር። አናቱ እንደ ብርጭቆ የጠራ ክዳን ነው፤ ከሥሩ መብራት አለው፣ በመብራቱና በክዳኑ መካከል ግን ባዶ ነው። ይሄ ባዶው ለምንድነው አልኩት።

“ባለቤቱ የፈለገውን እንዲያስገባበት ነው፤ ክዳኑ ይነሣል” አለና ጠቅ አድርጎ አነሣው። “ስም ይጽፍበታል፣ ሥዕል ያስገባበታል፣ የመብራቱንም ቀለም ከኮምፒውተሩ ይቀይረዋል። ግን አባቴ፣ ሰው አይገዛውም። ሰው ያለቀለት ነገር ነው የሚወደው።”

ልጅቷ ወደኔ አየች። እኔ የባለታክሲዎቹን ነገር እያሰብኩ ነበር። ያን ሁሉ ዘመን መኪናው ከፋብሪካ ይዞት በመጣው ወንበር ሲኮራ ያየሁት ባለታክሲ የለም። ፌርማታ ላይ ቆመው ሲያወሩ የሚጠቃቀሱት ያሠሩትን ነው፤ “ይሄን ጠርዝ እኔ ነኝ ያልኩት፣ ይሄን አበባ እኔ ነኝ የመረጥኩት” ነው የሚባለው።

“ልጄ፣ ሰው አብሮት በመጣው አይኮራም፤ ባሠራው ነው የሚኮራው” አልኳት።

ቆይታ ቆይታ ሁለቱንም በእጇ መዘነቻቸው። በመጨረሻ የሚርገበገበውን መልሳ ባዶውን ያዘች። ዋጋው ወደድ ይላል። ባለሱቁ ጠቅልሎ ሲሰጣት፣ “አባትሽን ሰማሽ፤ እንግዲህ የምታስገቢበትን ፈልጊ” አላት። እሱ እንደ ምርቃት ነው ያለው፤ እኔ ግን እንደ ዕዳ ነው የያዝኩት። በኔ ቃል ነው የገዛችው። ካላማረ ክፍሏን የዘጋሁባት እኔ ነኝ።

ከቤታችን ጋር በተያያዘችው በስፌት ክፍሌ ውስጥ ገጠመችው። ዕቃው ሁሉ በሚሰካበት ሰሌዳ፣ እናት ሰሌዳ በሚሉት ላይ፣ ለሚሞሪ አራት መሰኪያ አለ። አጠገብ ለአጠገብ የምትሰካቸው መስሎኝ ነበር፤ እሷ ግን በመሐል አንድ ዘለለች። በሁለት መንገድ እንዲሄዱ ነው አለችኝ። በረጅም ወንበር ላይ ሁለት ሰው ሲቀመጥ መሐሉን ክፍት እንደሚተወው ነው ብዬ ያዝኩት። ሁሉ ነገር ሠራ፤ የሚሞሪዋ አናት ብቻ ባዶ ቀረ።

የሚገባበት ነገር ጠፋ። የጌም ቤቱን ስም ወረቀት ላይ አሳትማ አስገባች፤ መብራቱ ሲበራ ወረቀቱ ደብዝዞ የጽዋ ማኅበር ማስታወቂያ መሰለ። አንበሳ ያለበት ተለጣፊ ሞከረች፤ የብስኩት መጠቅለያ ሆነ። እኔ ከድሮ ሥራዬ የተረፈ ቀይ ጠርዝ ሰጠኋት፤ መብራቱን ዋጠው። ሐሙስ አልፎ ዓርብ መጣ። ልጅቷ ስታዝን ጠረጴዛ ትወለውላለች። ዓርብ ዕለት ጠረጴዛው መስታወት እስኪመስል ተወለወለ።

እዚህ ላይ ስለ ባለቤቴ መናገር አለብኝ። እሷ በዚህ ዓለም ላይ ዳንቴል ያለበሰችው ነገር የለም። ኪሮሿ ከእጇ አይለይም። ቴሌቪዥናችን ዳንቴል ለብሷል፣ ሬዲዮው ለብሷል፣ ፍሪጁ ለብሷል፣ የውኃው ጀሪካን ሳይቀር በበዓል ይለብሳል። ከዳንቴሉ ሥር ደግሞ ላስቲክ ታነጥፋለች፤ አቧራ በቀዳዳው እንዳይገባ። ልጅቷ በዚህ ቤት ነው ያደገችው፤ ዳንቴል ለእሷ የዕቃ ቆዳ ነው፣ አታየውም።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ኮምፒውተሩን ለፈተና ብላ ከባድ ጌም ከፍታበት፣ ለብቻው ይሥራ፣ አንድ ገመድ ገዝቼ ልመለስ ብላ ወጣች። ሰውየውና ጎረምሳው ከምሳ በኋላ ነው የሚመጡት። ደጃችን መንገድ ሥራ አለ፤ አቧራው በመስኮት ይገባል። ባለቤቴ መጣች፣ አየችው፣ “እንግዳ መጥቶ አቧራ ለብሶ ሊያየው ነው?” አለችና ላስቲኳን አንጥፋ፣ ዳንቴሏን ደልድላ፣ ጠርዙን በፊት በኩል ዘንፈል አድርጋ አለበሰችው። እኔም እዚያው ተቀምጬ አማረበት ብያለሁ። አምሮበትም ነበር።

ልጅቷ ገመዱን ይዛ ተመለሰች። ወንበር ስባ ተቀመጠች። ትንሽ ቆይቶ ድርግም አለ፤ ስክሪኑም ሣጥኑም ጨለሙ።

ባለቤቴ ኪሮሿን ሳታቆም፣ “መብራት ሄደ” አለች።

ማንም አልደነገጠም። ለምን እንደነግጣለን? መብራት ሲሄድ ለምደነዋል። ቀን ነው፤ የበራ አምፖል የለ፣ ቴሌቪዥኑ አልተከፈተ። ልጅቷ ተነፈሰችና ወንበሩ ላይ ተደገፈች። ባለቤቴ ቆሎ አመጣች። ይመጣል፣ ቅዳሜ ብዙ አይቆይም ተባባልን። ባለፈው ጊዜ ስንት ሰዓት እንደቆየ አነሣን፤ ሳንሱሲ ያለችው እህቴ ሰፈር ከኛ እንደሚብስ አወራን። እንዲህ እየቆረጠምን፣ እየጠበቅን፣ ሰዓቱ ሄደ።

ቆሎው ሲያልቅና አፋችን ዝም ሲል ነው ጆሮዬ የተከፈተው። ግድግዳው ከኋላዬ ይንዘረዘራል። ዕድሜዬን ሙሉ የሰማሁት ድምፅ ስለሆነ ነው ያልሰማሁት።

“ወፍጮው ይፈጫል እኮ” አልኩ።

ሦስታችንም ጆሯችንን ወደ ግድግዳው አዞርን። ወፍጮው በመብራት ነው የሚሠራው። ልጅቷ ብድግ ብላ ግድግዳው ላይ ያለውን ማብሪያ ነካችው፤ አምፖሉ ቦግ አለ። ፊቷ ሲለወጥ አየሁ። መብራት አልሄደም፤ የሄደው የሷ ኮምፒውተር ነው፤ እኛ ደግሞ ተቀምጠን ቆሎ እየቆረጠምን የሚመጣ መብራት እንጠብቃለን።

መጀመሪያ የጠረጠረችው ሚሞሪዋን ነው። ልታወጣት እጇን ስትሰድ ነው ዳንቴሉ የያዛት። ያን ጊዜ አየችው። ከነላስቲኩ ገለጠችና መዳፏን ሣጥኑ አናት ላይ አኖረች። እኔም ነካሁት፤ ያን ሁሉ ቆይቶ እንኳ እንደ ካውያ ሙቀቱን ይዟል። ሙቅ አየር የሚወጣው በአናቱ በኩል ነው፤ እኛ ላስቲክ አልብሰን አፍነነዋል፤ እሱም እንዳይቃጠል ራሱን አጥፍቷል።

“እኔ ለአቧራው ብዬ ነው ልጄ” አለች ባለቤቴ፤ ኪሮሿ ለመጀመሪያ ጊዜ ቆመ።

ልጅቷ አልተቆጣችም። ቀዝቀዝ እስኪል ጠብቃ አስነሣችው፤ ተነሣ፤ ምንም አልሆነም። ሁላችንም ከነበረን ትንፋሽ ግማሹን አወጣን። እሷ ግን ዳንቴሉን በእጇ እንደያዘች መስታወቱ ፊት ቆማ ቀረች። የሚሞሪዋ መብራት በዳንቴሉ ቀዳዳ አልፎ ነጭ ሸሚዟ ላይ አበባ በአበባ ሆኗል። ስታንቀሳቅሰው አበባው ይንቀሳቀሳል። ከሰማይ የአበባ ጥላ የወረደባት መሰለኝ፤ እንዲያ ነው የሚያምረው።

“እማማ፣ እንደዚህ ያለ፣ ስፋቱ ጣት የሚያክል ይኖርዎታል?”

“ለማን ነው?”

“ለራሟ።”

“እሷ ደግሞ ማናት?” አለች ባለቤቴ።

አሳየቻት። ባለቤቴ በመስታወቱ አጮልቃ አየቻትና፣ “ይቺ ራቁቷን ነው እንዴ እስከ ዛሬ የተቀመጠችው?” አለች። ከዚያ ወደ ቤት ገብታ የልብስ ሣጥኗን ከፈተች፤ ያላስነካችውን፣ በቀጭን ክር የተሠራውን ነጭ ዳንቴል አውጥታ ጭኔ ላይ ጣለችው። አዲስ ለመሥራት ሰዓት አልነበረም። “ቁረጠው” አለችኝ።

የተቆረጠ ዳንቴል ይተረተራል። ስለዚህ ሳይቆረጥ በፊት ጠርዙ መሰፋት አለበት። የስፌት መኪናዬን ልብስ ገፍፌ — እሷም ዳንቴል ነው የለበሰችው — ዘይት ጠብ አደረግሁባት። ክሩን ልጅቷ አስገባችልኝ። እግሬ ፔዳሉን ሲያገኘው አልረሳም፤ ዓይኔ ያላየውን ጣቴ ያየዋል። በሁለቱ ዳር ጥቅጥቅ አድርጌ ሰፋሁ፣ ባለቤቴ ዳንቴሉን ወጥራ ያዘች፣ ልጅቷ በማስመሪያ ለካች፣ እኔ ቆረጥኩ። አንድ ክር አልተፈታም። ልጅቷ የሚሞሪዋን ክዳን ጠቅ አድርጋ አነሣች፣ አስገባች፣ ዘጋች። ሁለቱም ሚሞሪዎች ለበሱ።

ሰውየውና ጎረምሳው ደጅ ሲደርሱ እኔ ገና የክር ብናኝ ከሱሪዬ ላይ እያራገፍኩ ነበር። ጎረምሳው የራሱን አምጥቶ ከኛው ጎን አስቀመጠ። የሱ የሚርገበገበው ነው፤ ቀዩ ቢጫውን ያሳድዳል። ቆንጆ ነው፤ አልዋሽም። ከዚያ ወደ እኛው ጎንበስ ብሎ አየና ሳቀ።

“ይሄ ምንድነው፣ የእናቴ ቡፌ ነው?”

ተከትለው የመጡት የወፍጮ ቤት ሰዎችም ሳቁ። ባለቤቴ ነጠላዋን አጣፋች። ክሩ አይቃጠልም ወይ ብሎም ጠየቀ ጎረምሳው፤ ልጅቷ ከባድ ጌም እየሠራ ክዳኑን እንዲነካው አደረገች፤ ነካው፤ አላቃጠለውም።

ሰውየው ግን አልሳቀም። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ያያል። ልጅቷ ኪቦርዱን ጠቅ ጠቅ አደረገችና የመብራቱ ቀለም ተለወጠ፤ ረግቶ የሚበራ፣ የማይርገበገብ ሰማያዊ ሆነ። በሰማያዊው ላይ ነጩ ዳንቴል። እኔ ምን እንዳሰበች የገባኝ ያን ጊዜ ነው። የታክሲው ቀለም ነው። ሰማያዊና ነጭ፤ ሰውየው ዕድሜውን የነዳው።

ጎንበስ አለ። ቀስ ብሎ ተንበረከከ፤ ጉልበቱ ሲንቋቋ ሰማሁት። መስታወቱን በጣቱ ነካ።

“ታክሲዬን ሸጬ እንኳ አልተውሽኝም” አለ፤ ለማን እንዳለው አላውቅም። ከዚያ ወደኔ ቀና ብሎ፣ “ይሄን ጠርዝ የሰፉት እርስዎ ነዎት። አወቅሁት” አለኝ።

የድሮ ደንበኛዬ ነው፤ ስፌቴን ያውቀዋል። ዳንቴሉ የሷ ነው፣ ሐሳቡ የሷ ነው ብዬ ሁለቱን አመለከትኩ።

ሰውየው ተነሥቶ ጉልበቱን አራገፈ። የቀሩትን ሁሉ እንዲህ ትሠሪልኛለሽ አላት። አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቃት፤ የእያንዳንዱ ጥለት ይለያይ፣ ልጆቹ “እኔ የባለኮከቡ ላይ ነኝ፣ አንተ የባለአበባው ላይ ነህ” እንዲባባሉ። ከወፍጮ ቤቱ ሰዎች መካከል እልል ያለችው ማን እንደሆነች እስከ ዛሬ አልታወቀም፤ እህሏን ለማስፈጨት የመጣች ሴት ናት። እሷ ጀመረች፣ ሌሎቹ ተቀበሏት። ባለቤቴ ዞር ብላ ጎረምሳውን፣ “ልጄ፣ እናትህ ቡፌ ማስዋብ ታውቃለች ማለት ነው፤ ሰላም በልልኝ” አለችው። እሱም አንገቱን አቀርቅሮ ሳቀ፤ ክፉ ልጅ አይደለም። ከሳምንታት በኋላ ለራሱ ደንበኛ ዳንቴል ሊጠይቅ መጥቷል፤ አረንጓዴ ነው የፈለገው፤ ተሠራለት።

ልጅቷ ተቀጣሪነቱን ተወች። እኔ የክፍሏን ቁልፍ ከአንገቴ ላይ አውልቄ ሰጠኋት። የስፌት መኪናዬ አልወጣችም፤ ጥጉን ይዛለች፣ ጠርዝ የምሰፋው እኔው ነኝ። ጌም ቤቱ ተከፍቷል፤ አመሻሽ ላይ በዚያ ሳልፍ በመስኮቱ አያለሁ። አንዱ ቀይ ላይ ኮከብ፣ አንዱ ሐምራዊ ላይ ወይን ቅጠል፣ በሩ አጠገብ ያለችው ሰማያዊ ላይ ነጭ። ሚሞሪ ዳንቴል ለብሳ የምትሠራበት ሌላ ሰፈር ካለ እኔ አልሰማሁም።

ባለቤቴ ክፍሏ ውስጥ ወንበር ተሰጥቷታል። ኮምፒውተሩን ከላይ እንዳታለብስ ቃል ገብታለች፤ ቃሏንም ጠብቃለች፤ ከሥሩ ብቻ ነው የምታነጥፈው። አንድ ነገር ድርግም ሲል ዛሬም ቀድማ “መብራት ሄደ” የምትለው እሷ ናት። ያን ጊዜ ሦስታችንም ዝም እንልና ጆሯችንን ወደ ግድግዳው እናዞራለን፤ ወፍጮው ካለ ይሰማናል።